በወሎ ወደ ፏፏቴ አጭር የእግር ጉዞ፦ ሳትወርዱ የመውጫውን ሰዓት አስሉ

ወሎ ውስጥ ወደ ፏፏቴ የሚወስደው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በቁልቁለት ይጀምራል። መኪናው ከላይ ሜዳው ላይ ይቆማል፣ ውሃው ደግሞ ከፈፋው ውስጥ ነው። ቀላሉን ግማሽ ጠዋት በትኩስ ጉልበት ትጨርሱትና ዳገቱ ለደከመ እግር፣ ደመናም ለሚከብድበት ሰዓት ይቀራል። ስለዚህ ሒሳቡን ከመመለሻው ጀምሩ፦ ለመውረድ 40 ደቂቃ ከፈጀባችሁ ለመውጣት 1 ሰዓት ያዙ፤ ሕፃን ወይም አረጋዊ አብሮ ካለ 1 ሰዓት ተኩል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ የጀመረ ሰው ፏፏቴው ሥር ተረጋግቶ ተቀምጦም ከ7 ሰዓት በፊት አፋፉ ላይ ይደርሳል።

ምርጡ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ምድሩ ግን የጠጣውን ውሃ ገና እየለቀቀ ነው፤ ወንዙ ይጠራል፣ መንገዱም ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ግርማ አለው፣ ግን ድጥና ደራሽ ጎርፍ ስላለ ከላይ ሆኖ ማየቱ ይበቃል። ከታኅሣሥ በኋላ ብዙው ትንሽ ጅረት ይመነምናል። የበልግ ዝናብ ከጣለ በመጋቢትና በሚያዝያ ለጥቂት ቀናት መልሶ ይሞላል፤ ያኔ ግን የትናንቱን ዝናብ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ፀጥታ እዚያው ካሉ ሰዎች አጣሩ። መንገድ ስትጠይቁም አጠያየቁን እወቁበት። "ሩቅ ነው?" ካላችሁ መልሱ "እዚችው ናት" ይሆናል፤ ለሚኖርበት ሰው እውነትም እዚችው ናት። ይልቅ ሰላምታውን በወጉ አድርሱና "አባባ፣ በዚህ ከብት ይወርዳል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከብት ውሃ ለመጠጣት የሚወርድበት መንገድ ለሰው አይከብድም። "ፍየል ነው የሚወርድበት" ከተባላችሁ ሌላ መንገድ ፈልጉ። እረኛ ልጅ ልምራችሁ ቢል ከብቱን የሚጠብቅለት ሰው መኖሩን አረጋግጡ። ከብቶቹ ማሳ ከገቡ ጣጣው የሚተርፈው ለልጁ ነው። ዋጋውንም ከመውረዳችሁ በፊት ተስማሙ።

ጫማችሁ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ለስላሳ ሶል ያለው ሸራ ጫማ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ጥቁር አፈር ከዘነበበት እግር ሥር እየተጋገረ ጫማውን ያከብደዋል፤ በዳር ባለው ሣር ላይ መሄድ ይሻላል። በጥቅምት ግን ጤፉ ገና ማሳ ላይ ስለሆነ ዳር ፍለጋ ሰብል እንዳትረግጡ። በእርከን ድንጋይ ላይም አትውረዱ። አንድ ድንጋይ ሲፈነቀል የሚቀጥለው ዝናብ ከዚያው ይጀምርና አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ ገበሬው የደከመበት ካብም ይፈርሳል።

ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ጭኮ ወይም ዳቦ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ቀላል የዝናብ ልብስና አንድ ዱላ ይበቃል። ዱላው ለውሻም፣ ለቁልቁለትም፣ ለውሃ መሻገሪያም ነው። ሱሪው ረጅም ይሁን፤ ውሃ ዳር ሳማ አይጠፋም።

ከወንዙ አትጠጡ። ጥርት ያለ የሚመስል ኩሬ ውስጥ አልቅት ሊኖር ይችላል፤ ጎንበስ ብሎ በአፉ የሚጠጣ ሰው ጉሮሮው ወይም አፍንጫው ውስጥ ይጣበቅበታል። የቦርከና ወንዝ ደግሞ ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ አዋሽ ስለሚወርድ የከተማ ፍሳሽ ይቀላቀልበታል። ቀንድ አውጣ ባለበት፣ በተኛ ውሃ ውስጥ እግር ነክሮ መቆየትም ለብልሃርዚያ ያጋልጣል።

ፏፏቴው ጋ ስትደርሱ ዐለቱን አስተውሉ። የወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተደራርቦ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ጠንካራው ንብርብር ከላይ ይቀራል፣ ከሥሩ ያለውን ልል ንብርብር ውሃው ይሸረሽረዋል። ከውሃው ጀርባ ጎድጎድ ያለ ዋሻ የምታዩት ለዚህ ነው። እንግዲህ ከላይ የምትቆሙበት አፋፍ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ከጠርዙ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ፣ ልጅ በእጅ ያዙ። ከታችም ውሃው በቀጥታ የሚመታበት ቦታ አትቁሙ፣ ድንጋይ ከውሃው ጋር ይወርዳል። አዲስ የተሰበረ፣ አረንጓዴ ልጋግ ያልያዘ ስለታም ድንጋይ ተበትኖ ካያችሁ ቦታው አሁንም እየፈረሰ ነው።

እንደደረሳችሁ የምታደርጉት አንድ ትንሽ ነገር ሕይወት ያድናል። ከውሃው ጠርዝ ላይ፣ ውሃው ነካ በሚያደርገው ልክ አንድ ነጣ ያለ ድንጋይ አስቀምጡ፤ በየ10 ደቂቃው ተመልከቱት። ድንጋዩን ውሃ ከሸፈነው፣ የውሃው ቀለም ወደ ቡኒ ካደላ፣ ገለባና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ድምፁ ከወፈረ ዕቃ መሰብሰቡን ትታችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ የሚጥለው ከተራራው ጀርባ ነው።

መሻገር ግድ ከሆነ ውሃው ሰፍቶ የሚሄድበትን ምረጡ፤ ጠባቡ ጥልቅ ነው። ጫማ አታውልቁ። የቦርሳውን ማሰሪያ ፍቱ፣ ፊታችሁን ወደ ምንጩ አዙሩ፣ ዱላውን ከፊት ተክላችሁ አንድ እግር ብቻ እያነሳችሁ በጎን ተራመዱ። ከጉልበት በላይ ከሆነ ተመለሱ። አረንጓዴ ልጋግ የያዘ ድንጋይ ላይ መዝለል ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል። ከፏፏቴው አናት በላይ ግን ውሃው ቢያንስም አትሻገሩ።

ቀስተ ደመና ማየት ለሚፈልግ፦ ፀሐይ ከጀርባ፣ የውሃው ብናኝ ከፊት ይሁን። ፀሐይ ከፍ ካለች ቀስቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ፏፏቴው ሥር ለቆመ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ነው የሚታየው። ከሰዓት በኋላው ከመመለሻው ሰዓት ጋር ስለሚጋጭ ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ፏፏቴ መምረጡ ይሻላል። ፎቶ ስታነሱ ግን ዙሪያውን ቃኙ። ጠበል የሆነ ቦታ አለ፣ ሴቶች የሚታጠቡበትም አለ፤ ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ልብስ አውልቃችሁ ከመዋኘታችሁ በፊትም እንዲሁ።

ዳገቱን ስትወጡ ፍጥነቱን ደካማው ሰው ይወስን፣ እሱም ከፊት ይሂድ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ፣ በየ15 ደቂቃው ቆም ይበል። ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ከሆነ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በብርሃን ለማለፍ ሞክሩ፤ ጭጋግ ሲወርድበት ጥምዝምዙ አይታይም።