የዓይን ሞራ ያለባቸውን ወላጆች ለሕክምና ስናግባባ የምንሠራቸው ስህተቶች

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ ደግሞ ተገፍፎ ብርሃን የሚመለስበት ሕመም ነው። ምኒልክ ሆስፒታል ከአራት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ መሐል ከተማ ግድግዳ እየዳበሱ የሚውሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ሕክምናው መኖሩን ሳይሰሙ ቀርተው አይደለም፤ አንሄድም ብለው ነው። እኛ ልጆችም ለማግባባት ስንሞክር ብዙ ጊዜ ይብስ እናርቃቸዋለን።

ምን እንደሚያስፈራቸው ሳይጠይቁ ማስረዳት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ልጅ አመሻሹን ተቀምጦ «አያምም እኮ እማዬ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም» ሲል ያመሻል። እናት «እሺ ልጄ» ይላሉ፤ በነጋታው ግን ያው ናቸው። ሕመሙን ፈርተው ስላልነበረ ነው። አንዷ የምትፈራው ዓይኗ ወጥቶ ታጥቦ የሚመለስ መስሏት ነው። ሌላዋ «ዓይኔ ታስሮ ብተኛ ቤቱን ማን ያየዋል?» ብላ ትጨነቃለች። ወጪው ልጆቿ ላይ እንዳይወድቅ ብላ ዝም የምትልም አለች። ያልፈሩትን እያስረዳን የፈሩትን ሳንነካው እናልፋለን።

ደግሞ «ለምን አትሄጂም?» ማለት ከመጠየቅ ይልቅ መውቀስ ይሆናል። «እማዬ፣ ብትሄጂ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙሉት። ብዙ ጊዜ የሚወጣው የጎረቤት ታሪክ ነው፦ «እነ እንትናም ተሠርተው አላዩም።» ይህን ማጣጣል አይገባም፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ከሞራው በስተኋላ የዓይንን ነርቭ በሚጎዳው በግላኮማ ወይም በሌላ ሕመም የተጎዳ ዓይን ሞራው ስለተገፈፈ ብቻ አያይም። ሐኪም አስቀድሞ የሚመረምረውም ከግርዶሹ ጀርባ ያለው ዓይን ደህና መሆኑን ለማወቅ ነው። ይህን ከሰሙ በኋላ ለምርመራ እሺ የሚሉ ብዙ ናቸው። ዓይን ወጥቶ እንደማይመለስም በግልጽ ንገሯቸው፦ ዓይኑ በመድኃኒት ይደነዝዛል፣ ሞራ የምንለው የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ብቻ ይወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል።

አታሎ መውሰድ

«ለቅሶ ልንደርስ ነው» ብሎ ነጠላ አስለብሶ ሆስፒታል በር ላይ ማውረድ ክፋት የለበትም የሚሉ አሉ። አለበት። አብዛኛው የሞራ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ታካሚው ነቅቶ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ራሱን ሳያንቀሳቅስ ነው። ተታሎ የመጣ ሰው እየተንቀጠቀጠ እንዴት አድርጎ ይተኛል? አካሉም የእሳቸው፣ ውሳኔውም የእሳቸው ነው። አንዴ የተታለሉ እናት ለሚቀጥለው ቀጠሮም አያምኑንም።

በሰው ፊት ማንሳት

ቡና ሲቀዱ ከስኒው አፍ አልፎ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ እንበል። «ይኸው! አላልኩሽም?» ማለት ይቀናናል፣ ያውም ጎረቤት ተሰብስቦ። እሳቸው ግን ለወራት ያንን ሊደብቁ ሲደክሙ ነው የቆዩት፤ ስኒውን በጣት ለክተው፣ ጀበናውን አስጠግተው። በሰው ፊት የተነካ ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል፣ «እኔ ደህና ነኝ» ይላል፣ ከዚያም ቃሉን ማጠፍ ያፍራል። ለብቻ ሲሆኑ አንሱት።

ከጸበል ጋር መጣላት

«ጸበል ዓይን አያድንም» ብሎ መከራከር በሩን መዝጋት ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚመላለሱ እናት ይህን የሚሰሙት እምነታቸው እንደተነካ አድርገው ነው። የንስሐ አባታቸውን አማክሩ። ሐኪሙንም ጥበቡንም የሰጠው እግዚአብሔር ነው የሚል ቃል ከንስሐ አባት አፍ ሲወጣ ከእኛ ስብከት ሁሉ ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ሳይደበቅ መነገር አለበት፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ዓይን ውስጥ ውኃ መግባት የለበትም፣ አጎንብሶ መስገድም ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆያል። ስለዚህ የጀመሩትን የጸበል ሱባኤ ይጨርሱና ይሂዱ።

«ሞራው ይብሰል» ሲሉ መስማማት

ድሮ ይባል ነበር፤ ዛሬ መጠበቅ አያስፈልግም። ማየት አለመቻሉ የዕለት ኑሯቸውን ካወከ፣ የሁለት መቶውን ብር ከሃምሳው ለመለየት ከተቸገሩ፣ ጊዜው ደርሷል። እጅግ የቆየ ሞራ ይጠጥራል፣ ለሐኪሙም ሥራው ይከብዳል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጠየቅ

«ቀዶ ሕክምና ትሠሪያለሽ» ብሎ ከመጀመር «እንታይና እንመለስ» ማለት ይሻላል። ቃሉም ይጠበቅ፤ በምርመራው ቀን ሌላ ነገር አትጫኑባቸው። ለምርመራው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግ ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ይወጋቸዋል፣ ዓይናቸውም ይደበዝዛል። ብቻቸውን ታክሲ አይሳፈሩ፣ የፀሐይ መነጽር ያዙላቸው። ስኳርና ደም ግፊት ካለ መድኃኒታቸውን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱም ዓይን ሞራ ቢኖርበት እንኳ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በየተራ ነው፤ ይህን ሲሰሙ ቀለል ይላቸዋል።

እሺ ሲሉ ቀን አለመቁረጥ

«ከፋሲካ በኋላ» ማለት እንቢታ ላይሆን ይችላል። በጾምና በስግደት ወቅት መታከም የማይፈልግ ሰው እውነተኛ ምክንያት አለው። የሚጎዳው ቀኑ ሳይቆረጥ መቅረቱ ነው። ከፋሲካ በኋላ የትኛው ሳምንት? በጠዋት ሄዶ ካርድ የሚያወጣው ማን ነው? የጤና መድን ካላቸው ምን እንደሚሸፍን ማን ይጠይቅ? ጠብታውን ለሳምንታት በሰዓቱ የሚያደርግላቸው የቱ የልጅ ልጅ ነው? እነዚህን ቤተሰቡ ተከፋፍሎ ከያዘ ለእሳቸው የሚቀረው መሄድ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እንቢ ካሉ ተዉት፤ ከወር በኋላ እንደገና ጠይቁ። ሞራ ያለበት ዓይን ድንገት ቀልቶ ክፉኛ ካመመ ግን የዓይን ግፊት ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።