የአሮጌ ጀልባ ሞተር ኮይል አቀያየር

ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ጠዋት በአንድ ጉተታ የሚነሳ፣ ማንዳባ ገዳም ደርሶ ሲመለስ ግን ጉልበቱ በግማሽ የሚወርድ ሞተር፣ አንዱ ኮይሉ (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው የሽቦ ጥቅል) ሲሞቅ እየደከመ ሊሆን ይችላል። እዚህ የምንገልጸው እስከ 1976 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን በፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን በሰዓቱ በሚያስነሣ መገናኛ) የሚሠሩ ባለ ሁለት ሲሊንደር ጆንሰንና ኤቪንሩድ ሞተሮች ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ኮይል፣ አንድ ፑንቲናና አንድ ኮንደንሰር (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቅ ዕቃ) አለው፤ ሁሉም የሚገኙት ከፍላይዊሉ (ሞተሩ አናት ላይ ከሚሽከረከረው ባለ ማግኔት ከባድ ጎማ) ሥር ነው። ከ1977 ወዲህ የመጡት ኤሌክትሮኒክ ስለሆኑ አሠራራቸው ይለያል።

ወደ መፍታት ከመሄድዎ በፊት ጥፋቱ የኮይል መሆኑን ያረጋግጡ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጠቁሮ ይረጥባል፣ ኮይሉም ያለ ጥፋቱ ይታማል። ስለዚህ በመጀመሪያ አዲስ ካንዴላ ያስገቡ። ቀጥሎ ሞተሩ እንደሞቀ የካንዴላውን ገመድ ነቅለው በእሳት መሞከሪያ ይፈትሹ። እሳቱ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ዘልሎ ሰማያዊ መሆንና «ጣ» የሚል ድምፅ መስጠት አለበት። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው። ማጥፊያ ቁልፍ ካለው የሱን ሽቦ ነጥለው እንደገና ይሞክሩ፤ የተላጠ የማጥፊያ ሽቦ ልክ እንደ ሞተ ኮይል ያታልላል። ይህን ሲያደርጉ የቤንዚን ጋኑን ያርቁ።

በቴስተር ብቻ አይፍረዱ። ሲቀዘቅዝ ትክክለኛ ኦም የሚያሳይ ኮይል ሲሞቅ ሊከዳ ይችላል። ይልቅ ዓይንዎን ይመኑ፦ የእነዚህ ሞተሮች የድሮ ኮይሎች መሸፈኛቸው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፣ እሳቱም ወደ ካንዴላው ሳይደርስ በዚያው ወደ ብረቱ ያመልጣል። ስንጥቅ ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። አንዱ ከተሰነጠቀ ሁለተኛውም እኩያው ነውና ሁለቱንም ይቀይሩ።

ኮይሉ በሞተሩ ሞዴል ቁጥር ይታዘዛል። የባጃጅ ኮይል እዚህ ቦታ አይሆንም፤ የዚህ ሞተር ኮይል ብረታማ እግሮቹ ከፍላይዊሉ ማግኔት ጋር በልክ መግጠም አለባቸው። ጎንደር ካሉ የመኪና መለዋወጫ ቤቶች 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካንዴላ ገመድ መፈለግ ይቻላል፤ ግን ውስጡ መዳብ ይሁን። ካርቦን ያለበት ገመድ በኮይሉ ውስጥ ካለው ሹል ጋር አስተማማኝ ግንኙነት አይፈጥርም።

አሁን ወደ ሥራው። ሁለቱንም ካንዴላዎች ይንቀሉ፣ የማስነሻ ገመዱን ቤት ያንሱ። ፍላይዊሉን በጠፍር ይዘው ዳዶውን ይፍቱ፤ ካቻቢቴ በፍላይዊሉ ጥርስ መሃል መሸጎር ጥርሱን ይሰብራል። ዳዶው ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ አላልተው ይተዉት፤ የዘንጉን የብሎን ጥርስ ይጠብቅልዎታል። ፑለሩን (ፍላይዊሉን ስቦ የሚነቅለውን መሣሪያ) በፍላይዊሉ ላይ ባሉት ሦስት የብሎን ቀዳዳዎች ያስሩ። ዙሪያውን በጥፍር የሚይዝ ፑለር ፍላይዊሉን ያጣምማል። የመሃል ብሎኑን አጥብቀው አናቱን በመዶሻ ቀለል አድርገው ይምቱ፣ ይላቀቃል። ዘንጉን በቀጥታ አይምቱ። ቻቬታዋን (ግማሽ ጨረቃ የምትመስለዋን ቁራጭ ብረት) አውጥተው ያስቀምጡ፤ ከተቆረጠች ወይም ከተጨፈለቀች የእሳቱ ሰዓት ይዛባል።

ከመንቀልዎ በፊት የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ያንሱ። እያንዳንዱ ኮይል ወደ ፑንቲናና ኮንደንሰር የሚሄድ ሽቦ፣ የመሬት ሽቦና ወፍራሙ የካንዴላ ገመድ አለው። የመሬት ሽቦው የሚታሰርበትን ቦታ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፤ ዝገት ካለ አዲሱ ኮይልም አይሠራም። አዲሱን ገመድ ጫፉን ቀጥ አድርገው ቆርጠው በሹሉ ላይ እስከ መጨረሻው ይግፉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኮይሉን ቦታ ሲይዝ ነው። የኮይሉ እግሮች ጫፍ ኮይሎቹ የሚታሰሩበት ሳህን ላይ ካሉት የተላጉ ጉብታዎች ውጫዊ ጠርዝ ጋር ልክ እኩል መሆን አለበት። ወደ ውጭ ከወጣ ማግኔቱ ይፍቀዋል፤ ወደ ውስጥ ከገባ እሳቱ ይደክማል። ብሎኖቹን ከማጥበቅዎ በፊት በጣትዎ ዳስሱት፣ ከጠበቀ በኋላም ድገሙት።

ፍላይዊሉ ተፈትቶ ሳለ ፑንቲናዎቹንም ይቀይሩ። እያንዳንዱን ካሙ (ፑንቲናውን የሚከፍተው የዘንጉ እብጠት) ከፍተኛው ላይ ሲደርስ 0.5 ሚሊ ሜትር ይክፈቱ። አዲስ ፑንቲና ፊቱ ላይ የመከላከያ ዘይት ስላለው በአልኮል በተነከረ ወረቀት ይጥረጉት፤ ይህ የተዘለለበት ሞተር ሁሉ ነገሩ አዲስ ሆኖ እሳት አይሰጥም።

ሲመልሱ የዘንጉን ሾጣጣና የፍላይዊሉን ቀዳዳ ከዘይት ነጻ ያድርጉ። ግሪስ አይቀቡ። ቻቬታዋን አስገብተው ፍላይዊሉን በእጅ ያዙሩት፤ የመፋቅ ድምፅ ከሰሙ ኮይሉ ወጥቷል ማለት ነው። ዳዶውን በመመሪያው ቁጥር ያጥብቁ፤ ለ6 የፈረስ ጉልበቱ ጆንሰን ከ54 እስከ 61 ኒውተን ሜትር ነው። ከላላ ቻቬታዋ ትቆረጣለች።

ሞተሩን በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ያስነሡ፤ በደረቅ ማስነሣት የውሃ ፓምፑን ጎማ ያቃጥለዋል። የውሃ መግቢያውንም ይመልከቱ። በሰሜኑ ጣና እምቦጭ መግቢያውን ሲዘጋው ሞተሩ ይግላል፣ ሙቀቱም አዲሱን ኮይል ያስረጀዋል። በደንብ ከሞቀ በኋላ የእሳት ፈተናውን ይድገሙ። አሁንም አንዱ ሲሊንደር ከጠፋ ሁለቱን ኮንደንሰሮች አቀያይሩ፤ ችግሩ ወደ ሌላኛው ሲሊንደር ከተዛወረ የሚቀየረው ኮንደንሰሩ ነው።