የኮሌጃችሁን ግቢ በመንግሥት በጀት ልታድሱ ነው? ጅማ ላይ እንዲህ አድርጉ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ኮሌጃቸው ለሚቀጥለው ዓመት የካፒታል በጀት ሊጠይቅ ነው፤ እሱ ደግሞ የግንባታ ኮሚቴ ውስጥ ገብቷል። "ከየት ልጀምር?" አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ስልኩን ስዘጋ ለሌሎችም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጅማ ከተማም ሆነ ዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነውና። መሐንዲስ አይደለሁም። የብረታ ብረት አሰልጣኝ ነኝ። ግን ሁለት ጊዜ የግንባታ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው ላይ ያጠፋነውን ሁለተኛው ላይ ላለመድገም ብዙ ለፍተናል።

መጀመሪያ ካላንደር አውጡ። ጅማ ላይ የመንግሥት ግንባታን የሚመሩት ሁለት ካላንደሮች ናቸው፤ አንዱ የበጀት፣ ሌላው የዝናብ። ሁለቱ አይስማሙም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ዝናቡ ደግሞ እዚህ እንደ ሌላው አገር ሐምሌና ነሐሴን ብቻ አይጠብቅም፤ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለቁፋሮ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። አራት ወር በቃ።

አሁን አስቡት። በጀቱ ሐምሌ ላይ ጸደቀ። "እንግዲህ ዲዛይን ይሠራ" ተባለ። ዲዛይኑ ሦስት አራት ወር ወሰደ። ጨረታ ወጣ፣ ተገመገመ፣ ቅሬታ ቀረበ፣ ውል ተፈረመ፤ ተቋራጩ ሳይት ሲረከብ የካቲት አልቋል። የመሠረቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሳያልቅ ዝናቡ ገባ። ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ፣ ግድግዳው ተናደ፣ ፓምፕ ፍለጋ ተሯሯጣችሁ። ከዚያ ሰኔ መጣ፤ ገንዘቡ ደግሞ ሥራ ላይ አልዋለም።

መፍትሔው ዲዛይኑን ከበጀቱ አንድ ዓመት ማስቀደም ነው። የቦታ ልኬት፣ የአፈር ምርመራ፣ ዲዛይን፣ ቢኦኪው (የሥራው ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) እና የጨረታ ሰነድ ሁሉ በዚህ ዓመት በጀት ይለቁ። ለዲዛይን የሚያስፈልገው ገንዘብ ከግንባታው አንጻር ትንሽ ስለሆነ ኃላፊዎችን ማሳመን አይከብድም። እንዲያውም ሙሉ ዲዛይንና የዋጋ ግምት ይዞ የሚቀርብ ኮሌጅ በበጀት ስሚ ላይ "ሕንፃ ያስፈልገናል" ብሎ ደብዳቤ ብቻ ከሚያቀርበው ይልቅ ይደመጣል። ከዚያ በጀቱ እንደጸደቀ ጨረታው ይወጣል፣ ውሉ ቢዘገይ ጥቅምት ላይ ይፈረማል፣ ኅዳር ላይ ቁፋሮ። ግባችሁ የካቲት ሳያልቅ መሠረቱ ከመሬት ወጥቶ የታችኛው ወለል እንዲሞላ ይሁን። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ያዘገያችሁ ይሆናል እንጂ አያፈርስባችሁም።

ቀጥሎ፣ ምን ይሠራ? እዚህ ላይ ኮሚቴዎች ይጣላሉ። አንዱ በርና አጥር ይላል፣ ሌላው የአስተዳደር ሕንፃ፣ ሌላው የስብሰባ አዳራሽ። እኔ የምመክራችሁ ስብሰባውን አቁማችሁ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ከሰዓት በኋላ ግቢውን በእግር ዙሩት። ኮርኒስ የሌለው ወርክሾፕ ውስጥ ግቡ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ አሰልጣኙ መናገሩን ያቆማል። ጠመኔውን ያስቀምጣል። ሠላሳ ሰልጣኝ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ጥግ ላይ ጣሪያው ስለሚያፈስ ሞርሳው (ብረት ጠፍሮ የሚይዘው መሣሪያ) በላስቲክ ተሸፍኗል። ከአንድ ሶኬት በተጎተተ ኤክስቴንሽን ሁለት የብየዳ ማሽን እየሠራ ነው፤ ገመዱን ብትነኩት ይሞቃል። ይህን ያየ ሰው ስለ በር አያወራም።

ሥልጠናችን 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ መሆን አለበት ተብሎ የተቀመጠ ነው። ገንዘቡም እንደዚያው ይሂድ። ወርክሾፕ፣ መብራት፣ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። የሴት ሰልጣኞች መጸዳጃ ቤትን ለብቻው አንሱት፤ ንጹሕና የሚቆለፍ መጸዳጃ አጥታ ከትምህርት የምትቀር ልጅ ስንት ናት! በሩ ይቆይ።

ሁሉንም አፍርሶ እንደ አዲስ መገንባትም አያስፈልግም። አሮጌው ሕንፃ ኮለኑና (ምሰሶውና) ግድግዳው ጤነኛ ከሆነ ጣሪያ፣ ኮርኒስ፣ ወለልና የኤሌክትሪክ መስመር በመቀየር ብቻ ሌላ ሕንፃ ይመስላል፤ ዋጋውም ከአዲስ ግንባታ በጣም ያንሳል። ጤነኛ ነው አይደለም የሚለውን ግን በዓይን አትወስኑ። የስትራክቸር መሐንዲስ ይየው፤ በጽሑፍም ይስጣችሁ።

ዲዛይነሩ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት የማሽኖቹን ዝርዝር ስጡት። አሁን ያላችሁንም፣ ወደፊት የሚገዛውንም። ርዝመት፣ ወርድ፣ ክብደት፣ ስንት ኪሎዋት፣ ሦስት ፌዝ ወይስ አንድ ፌዝ። ይህን ያልኩት በደረሰብን ነገር ነው። እኔ በነበርኩበት አንድ ኮሌጅ አዲስ ወርክሾፕ ተሠራ፤ ያምራል፣ ቀለሙ ያበራል። ከወራት በኋላ ቶርኖ ማሽን (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ) በመኪና መጣ። በሩን ለካነው፤ አንድ ሜትር ከሃያ። ማሽኑ ከነሳጥኑ አይገባም። ክሬን የለም፣ ሰው በጉልበቱ አያነሳውም። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደጅ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀመጠ። በየጠዋቱ ላስቲኩን ገልጬ በጨርቅ ዘይት እቀባው ነበር፤ ግን ዝናቡ ከታች ነበር የሚመጣው፣ የሚንሸራተትበት ብረት ዝገት ጀመረው። በመጨረሻ አዲሱን ግድግዳ አፈረስን። ስለዚህ የወርክሾፕ በር መኪና የሚያስገባ ይሁን፤ ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ ያለው መሬትም ክብደት የሚችል።

መብራቱም እንደዚሁ። የማሽኖቹን ጠቅላላ ኃይል ደምሩና አሁን ያላችሁ ትራንስፎርመር ይችል እንደሆነ ቀድማችሁ አስመርምሩ። የማይችል ከሆነ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጥያቄውን ዲዛይኑ ባለቀ ቀን አስገቡ። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከጠየቃችሁ ሕንፃው ጨለማ ውስጥ ይቆማል። የመብረቅ መከላከያና ጥሩ የመሬት መስመር (ኧርዚንግ) በቢኦኪው ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። እኛ አገር መብረቁ አይቀርም።

ወደ አፈሩ እንምጣ። ጅማ ብዙ ቦታ ላይ፣ በተለይ ሜዳማውና ረግረግ ያለበት አካባቢ፣ ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር አለ። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያረፈውን ቀላል ሕንፃ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጉድጓድ አስቆፍራችሁ ናሙና አስመርምሩ። ቂጦ ፉርዲሳ ያለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ሄዳችሁ አማክሯቸው። ዋልካው ከተገኘ መሐንዲሱ ተቆርጦ ይውጣና በተመረጠ አፈር ይሞላ፣ ወይም መሠረቱ ጠለቅ ይበል ይላችኋል። ይህ ገንዘብ ያስወጣል፤ አትከራከሩ። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ሌላ ነገር አለ፤ የጣሪያው ውሃ ከመሠረቱ እንዲርቅ ማድረግ፣ በሕንፃው ዙሪያ ሰፋ ያለ የሲሚንቶ ንጣፍ ማስገባት፣ ከግድግዳው አጠገብ ያለውን ባሕር ዛፍ ማንሳት። ባሕር ዛፍ ከመሠረቱ ሥር ውሃ ስለሚመጥ አፈሩን በበጋ ይበልጥ ያሰነጥቀዋል። ግቢያችሁ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ደግሞ የጎርፍ መውረጃውን ከሕንፃው በፊት ሥሩት።

ጣሪያው ክፈፉ ይርዘም፤ በሕንፃዎች መሃል ያለው መተላለፊያም ይከደን። ጂረን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ተመልከቱ፤ እንጨት ነው፣ ግን ግድግዳውን ከዝናብ የሚከልል በረንዳ አለው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ዛሬ የምንሠራቸው ብዙ ሕንፃዎች ክፈፍ ስለሌላቸው በሁለተኛው ክረምት ልስናቸው ይረግፋል።

ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃም አትጣሉት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊሜትር አካባቢ ታገኛለች። 600 ካሬ ሜትር ጣሪያ ካላችሁ 900,000 ሊትር ማለት ነው፤ አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ 720,000 ሊትር ይቀራል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ 20 ሚሊሜትር ገደማ በሚጥል አንድ ጥሩ ዝናብ ይሞላል። ለመጸዳጃ፣ ለጽዳት፣ ለኮንስትራክሽን ክፍል ሲሚንቶ ማቡኪያ ይበቃል። አሸንዳውና ሮቶው ገና ከጅምሩ በዲዛይኑ ይግቡ።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ያው አዋጅ የተቋማትን ሕንፃ ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚፈልገው በምድብ ሐ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ራምፕ ሠራን ለማለት ያህል ቁልቁለት እንዳታደርጉት። የተለመደው ልክ 1 ለ 12 ነው፤ ወለላችሁ ከመሬት 45 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይረዝማል። ቦታው ከመጀመሪያው ካልተተወለት በኋላ አይገኝም።

ጨረታው ላይ ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና የሥራ ባንኮኒ ከዋናው ውል ይውጣ። የእንጨት ሥራና የብረታ ብረት ክፍል ያለው ኮሌጅ፣ ያውም ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ በሚፈለፈልበት በጅማ፣ የራሱን ጠረጴዛ ከውጭ መግዛት የለበትም። ሰልጣኞቻችሁ ይሥሩት፤ ዕቃው ብቻ ይገዛ። ሁለተኛ፣ ተቋራጩ የኮንስትራክሽንና የኤሌክትሪክ ሰልጣኞችን ለትብብር ሥልጠና (ሥራ ላይ ለሚሰጥ የተግባር ልምምድ) እንዲቀበል የጨረታ ሰነዱ ውስጥ በግልጽ አስገቡ። ውል ከተፈረመ በኋላ በልመና አይሆንም። ሦስተኛ፣ ከመሐንዲስ ግምት በጣም ወርዶ የመጣ ዋጋ አያስደስታችሁ። ተጫራቹን ዝርዝር የዋጋ ትንታኔ ጠይቁት። በዚያ ዋጋ ፌሮና ሲሚንቶ እንደማይገዛ እያወቃችሁ ከፈረማችሁ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል፤ ቆርቆሮ የሌለው ግድግዳ ደግሞ ስንት ክረምት ዝናብ እንደሚጠግብ ከተማችን ውስጥ አይታችኋል። የግዥ ደንቡን በተመለከተ ክልሉ የራሱ የግዥ ሕግ ስላለው ከፋይናንስ ሰዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ሥራው ሲጀመር መግቢያው ላይ ታፔላ ይቁም፤ የሥራው ስም፣ ዋጋው፣ የተጀመረበትና የሚያልቅበት ቀን፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ከመርካቶ ቡና ሸጣ የምትመለስ እናት ልጇ በሚማርበት ግቢ ምን እንደሚሠራ ማንበብ አለባት። ከኮሚቴው አንድ ሰው በየቀኑ ሳይት ላይ ይገኝ። የሚያየው ብዙ አይደለም፦ አርማታ ሲሞላ ኪዩብ (ጥንካሬው የሚፈተሽበት ናሙና) ተወሰደ ወይ፣ በ7 እና በ28 ቀን ውጤቱ መጣ ወይ፣ የተሞላው አርማታ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ጠጣ ወይ፣ ሊሸፈን ያለው ፌሮና ቱቦ ፎቶ ተነሳ ወይ። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐዩና ነፋሱ አርማታውን ቶሎ ያደርቀዋል። ክፍያ ሲመጣ ልኬቱን ከተቆጣጣሪው ጋር አብራችሁ ለኩና ትክክል ከሆነ በፍጥነት ክፈሉ። ተቋራጭ ገንዘብ ሲዘገይበት መጀመሪያ የሚያሰናብተው ጥሩውን አናጢ ነው።

ሰኔ ላይ "በጀቱ እንዳይመለስ" ተብሎ ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ ተደርጎ ይፈረም ሲባል ትሰሙ ይሆናል። አትፈርሙ። ለቀረው ሥራ በሚቀጥለው ዓመት በጀት እንዲያዝ ጥያቄውን ገና ጥር ላይ አስገቡ፤ የሥራው ሂደት በዚያን ጊዜ ይታወቃል።

ጊዜያዊ ርክክቡን ከቻላችሁ ዝናብ ባለበት ሳምንት አድርጉት። ባትሪ ይዛችሁ ከኮርኒሱ በላይ ግቡ። ሁሉንም ቧንቧ በአንድ ጊዜ ክፈቱ። ማሽኖቹን ሁሉ አንድ ላይ አስነሱና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ብሬከሩ ከዘለለ እዚያው ይጻፍ። የተገኘውን ጉድለት በዝርዝር ጻፉ፣ ቀን ቁረጡለት፣ ሁለቱም ወገን ይፈርም። ከዚያ የውሉን የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። የሚያልቅበትን ቀን በዲኑ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚያ ቀን አንድ ወር ቀድማችሁ ግቢውን እንደገና ዙሩ፤ ስንጥቅ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተነሳ ሴራሚክ፣ የማይዘጋ በር ሁሉ ለተቋራጩ በደብዳቤ ይድረሰው። ከክፍያው የያዛችሁበት የመያዣ ገንዘብ ገና እናንተ ጋ ነው።