የታዳጊዎች ጨዋታ ፎቶ ለምን አሸዋ አሸዋ ይላል? ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጃንሜዳ ወርዶ የታዳጊዎችን ጨዋታ ያነሣ ጀማሪ፣ በካሜራው ጀርባ ትንሽ ስክሪን ላይ ያማረውን ፎቶ ቤቱ ገብቶ በኮምፒውተር ሲከፍተው ብዙ ጊዜ ያዝናል። የልጁ ፊት አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጥቁሩ ማሊያ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ተበትኗል፤ ከኋላ ያለው ሰማይም ልሙጥነቱን አጥቶ ሻክሯል። ኖይዝ የምንለው ይህ ነው። አብዛኛው ሰው ወዲያው ካሜራውን ይወቅሳል፣ ቀሪው ደግሞ አይኤስኦውን፣ ማለትም የካሜራውን የማድመቂያ ቁጥር፣ ከፍ ማድረጉን። በእኔ ልምድ ግን ዋናው ጥፋተኛ የብርሃን ማነስ ነው፤ አይኤስኦን መፍራት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም።

ምክንያቱን ለመረዳት በደረቅ አስፋልት ላይ ካፊያ ሲጀምር የሚሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ጠብታው ጥቂት እያለ አንዱ ቦታ ይርሳል፣ አጠገቡ ያለው ደረቅ ይቀራል፤ ዝናቡ ሲበረታ ግን መንገዱ ሁሉ እኩል ይርሳል። ብርሃንም ወደ ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን ወደሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ የሚደርሰው እንዲሁ በቅንጣት በቅንጣት ስለሆነ፣ ሲያንስ አጠገብ ላጠገብ ያሉት ነጥቦች የማይመጣጠን ድርሻ ያገኙና ምስሉ ይዥጎረጎራል። የገባው ብርሃን በ4 እጥፍ ሲጨምር፣ ከምስሉ ብሩህነት አንጻር የሚታየው ዥጉርጉርነት በግማሽ ይቀንሳል። አይኤስኦ በበኩሉ ብርሃን አይጨምርም፤ ሥራው እንደ ድምፅ ማጉያ ነው፤ የተናጋሪው ድምፅ ደካማ ከሆነ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል።

ይህን የተማርሁት በራሴ ስህተት ነው። አንድ ቀን 12 ሰዓት ሊሞላ ሲቃረብ አንዲት ግብ ጠባቂ ወደ ግራ ተወርውራ ኳሷን በጣቷ ጫፍ ስትመልስ አነሣኋት። አይኤስኦው ከ800 እንዳያልፍ ገድቤው ስለነበር ፎቶው ጨለመ፤ ቤት ገብቼ በኤዲት 8 እጥፍ ሳደምቀው ጓንቷና ፀጉሯ አካባቢ ጥላው በሙሉ ሐምራዊ ሽፍታ አወጣ። ከዚያው ጨዋታ ጣቴ ስቶ በ6400 ያነሣሁት ሌላ ፎቶ ነበረኝ፤ ሹተሩም (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) አፐርቸሩም (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ያው ሆነው ሳለ ይህኛው በጣም የተሻለ ነበር። በተለይ ቆየት ባሉ ካሜራዎች፣ የጨለመን ፎቶ በኋላ ማድመቅ ካሜራው ራሱ የሚያመነጨውን እንከን ጎትቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ፎቶውን ገና ሲነሣ በትክክለኛ ድምቀቱ ያንሡት፤ ለዚያ 6400 የሚያስፈልግ ከሆነ 6400 ያድርጉት።

ለዚህ የሚመቸው አሠራር ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጎ ሹተር ስፒዱንና አፐርቸሩን ራስዎ መወሰን፣ አይኤስኦውን ግን አውቶ ላይ መተው ነው። ሹተር ስፒዱ ላይ ብዙ ጀማሪ ብርሃን ያባክናል። ኳስ ሲመታ እግሩን ማስቆም ከፈለጉ 1/1000 ሴኮንድ ያስፈልጋል፤ ለሚሮጡ ታዳጊዎች 1/500 በአብዛኛው ይበቃል፤ ይህ ብቻ ብርሃኑን በእጥፍ ይጨምራል። ከዚህም በታች መውረድ ይቻላል፤ ግን ቅጽበቱን ማወቅ ይጠይቃል። በጭንቅላት ለመምታት የዘለለ ልጅ ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ የቆመ ያህል ይሆናል፤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋችም ኳሱን ከእጁ ሊለቅ ሲል እንደዚሁ ነው። ያን ቅጽበት ጠብቆ የሚጫን ሰው በ1/320 ጥርት ያለ ፎቶ ያገኛል። ከዚህ በታች ግን አይውረዱ፤ ኖይዝ በኤዲት ይቀንሳል፣ በእንቅስቃሴ የተደበዘዘ ፊት ግን አይመለስም።

አፐርቸሩን ሌንሱ እስከፈቀደ ድረስ ይክፈቱት፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ወደ 55 ሲጎተት አብዛኛውን ጊዜ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ሰው ደግሞ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ይጎትተዋል። በአንጻሩ ኤፍ 1.8 የሆነ ባለ 50 ወይም ባለ 85 ሌንስ ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ በሌላ አነጋገር 12800 ይጠይቅ የነበረውን ሁኔታ ወደ 1250 ያወርደዋል። ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ በእጅጉ ያንሳል፤ ስለዚህ ገንዘብ ካለዎት ካሜራ ከመቀየርዎ በፊት ሌንስ ይግዙ። መርካቶም ይሁን ፒያሳ ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ አፐርቸሩ በደንብ መከፈቱንና መዘጋቱን፣ ፎከሱም መያዙን እዚያው ሞክረው ይቀበሉ። በኤፍ 1.8 ጥርት የሚለው ስፍራ በጣም ጠባብ ስለሆነ ፎከሱን ተከታታይ በሚባለው፣ የሚንቀሳቀሰውን ሰው እየተከተለ በሚያጠራው አሠራር ላይ ማድረግዎን አይርሱ።

የአዲስ አበባ ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ምሽቱ ቶሎ ይገባል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። 11 ሰዓት ላይ በ800 የሚሠራው ሰው 12 ሰዓት ተኩል ላይ 12800 ሊጠይቀው ይችላል። በመሆኑም የሚፈልጓቸውን ፎቶዎች በመጀመሪያው አጋማሽ ያንሡ፤ ለሁለተኛው አጋማሽ የቡድኑን ደስታ፣ የአሠልጣኙን ምክርና የተቀያሪዎችን ፊት ይተዉ፤ ቆመው ስለሚገኙ 1/125 ይበቃቸዋል። የቀትር ፀሐይ ብርሃኑ ብዙ ቢሆንም አናት ላይ ስለሚሆን ዓይንን በጥላ ይሸፍናል፤ ኖይዝ ደግሞ ጎልቶ የሚታየው ጥላ ውስጥ ነው። ጠዋት መስቀል አደባባይ ስኬትቦርድ የሚነዱ ልጆችን ሲያነሡ ፀሐይዋ ከጀርባዎ እንድትሆን አድርገው ይቁሙ፤ ፊታቸው ላይ የምታርፈው ብርሃን ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል።

የቆዳችን ቀለምም እዚህ ላይ ይነሣል። ካሜራው ነጭ ግድግዳ ወይም የክረምት ደመና ከኋላ ሲያይ ነገሩ ሁሉ የደመቀ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ጠይም የሆነው የልጁ ፊት የበለጠ ይጨልምና ኖይዙ የሚሰፍረው እዚያው ላይ ይሆናል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን በሚባለው ማስተካከያ ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ወደ ፕላስ ይጨምሩ። ሰማዩ ነጭ ቢሆን ግድ የለም፤ ወላጅ የሚያየው የልጁን ፊት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ርቀት ነው። ከሜዳው ማዶ ሆነው ያነሡትን ፎቶ ክሮፕ አድርገው ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ሲቆርጡት የሚቀረው ሩቡ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጠብጣብም በዚያው ልክ ጎልቶ ይታያል። ከጎሉ ጀርባ ወይም ከማዕዘን ምት ቦታ አጠገብ ዝቅ ብለው ተቀምጠው ጨዋታው ወደ እርስዎ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል። ይህን ለማድረግ አሠልጣኙን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ የልጆች ፎቶ ስለሆነም ወላጆች ሳያውቁ ማንሣትም ሆነ መለጠፍ ነውር ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ እንዳሉት ዓይነት የቤት ውስጥ ሜዳዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። የኤሌክትሪካችን ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ፤ ዓይናችን ባያየውም በ1/1000 የሚነሡ ተከታታይ ፎቶዎች አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ቡናማና ጨለማ ሆነው ይወጣሉ። ካሜራዎ የመብራት መርገብገብን የሚቆጣጠር አማራጭ ካለው ያብሩት፤ ከሌለው ደጋግመው አንሥተው የደመቁትን ይምረጡ። ፍላሽ ግን አይጠቀሙ፤ የካሜራው ትንሽ ፍላሽ ሩቅ አይደርስም፣ የተጫዋችንም ዓይን ያውካል።

ኤዲቱ የመጨረሻው ሥራ ነው። ፎቶውን በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሡት በጄፔግ (ተጨምቆ በሚቀመጠው የተለመደ ፋይል) ካነሡት ይልቅ ብዙ ማስተካከል ይቻላል። ቀያይና አረንጓዴ ነጠብጣቡን የሚያጠፋውን የቀለም ኖይዝ ማስተካከያ ሳይሳሱ ይጠቀሙበት፤ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የብርሃን ኖይዙን የሚያለሰልሰውን ግን በቁጠባ ያድርጉት፤ ሲበዛ የልጁ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል፣ የማሊያው ስፌትም ይጠፋል። ላይትሩም የተባለው የኤዲት ሶፍትዌር ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የኖይዝ ማጥፊያ አለው። ክፍያ ለማይችል ሰው ዳርክቴብል የተባለው ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ለየካሜራው ሞዴል የተለካ የኖይዝ መረጃ ይዞ ይሠራል።

ፎቶውን መቶ በመቶ አጉልተው እየተጨነቁ አይመልከቱት። ወርዱ 6000 ፒክስል የነበረውን ወደ 1500 ሲያሳንሱት 16 ነጥቦች ወደ አንድ ስለሚጠቃለሉ አብዛኛው አሸዋ በዚያው ይጠፋል። ቡድኑ ቴሌግራም ላይ የሚያየውም እንዲሁ አንሶ ነው። ማሳተም የሚፈልግ ወላጅ ካለ ግን በፎቶ መልክ ሲላክ ተጨምቆ ጥራቱ ስለሚወርድ፣ ዋናውን እንደ ፋይል አድርገው ይላኩለት።