የጎንደር ዝናብ የመተማን ሣር አያበቅልም፦ በግጦሽ አያያዝ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአየር ሁኔታ መረጃን ለግጦሽ አያያዝ ከሚጠቀሙት መካከል ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ገና የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ሲመርጡ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስትገኝ፣ የመተማ ቆላ በአብዛኛው ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር፣ እኩል ቢዘንብ እንኳ የቆላው እርጥበት ፈጥኖ ይተናል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ ሆኖም በስልኩ «ጎንደር» የሚለውን ትንበያ ተመልክቶ ከብት ወደ ቆላ የሚነዳበትን ቀን የሚቆርጥ ባለሙያ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ መንጋው ሣር ካልበቀለበት መሬት ሲደርስ የሚወቀሰው ደግሞ ትንበያው ነው! የጣቢያውን ቅርበት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በከፍታም ይመዝኑ። የክረምት ዝናብ አንዱን ጋራ አርሶ ሌላውን ሊዘል ስለሚችል፣ ከግጦሹ ዳር የራስዎ የዝናብ መለኪያ ቢኖር ይመረጣል፤ አንድ ሚሊ ሜትር በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። መለኪያውን ከዛፍና ከጣሪያ ያርቁት፤ ያልተለካበትን ቀን በሰረዝ እንጂ በዜሮ አይመዝግቡ።

የወሩን ድምር ብቻ ማየትም ያሳስታል። በሁለት ቀን ወርዶ በጎርፍ የሄደ ዝናብ፣ በወሩ ተከፋፍሎ ከዘነበው ጋር በድምር ቢተካከልም ለሣሩ የሚሰጠው ጥቅም ያንሳል።

ብዙ ዝናብ ሁልጊዜ ብዙ ግጦሽ ነው ብለው የሚያምኑ ደግሞ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለውን የፎገራ ሜዳ ይመልከቱ፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ፣ በረጠበው ጥቁር አፈር ላይ የሚሰማራ ከብት ሣሩን ከመብላት ይልቅ ረግጦ ያበላሸዋል። በእንዲህ ያለ ሳምንት ትክክለኛው ውሳኔ ሜዳውን መዝጋት ነው።

በመጀመሪያው ካፊያ አረንጓዴ ያየ ሁሉ መንጋውን አይልቀቅ። ያ ለምለም ሣር ሥሩ ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ የበቀለ ስለሆነ፣ ዝናቡ ተደጋግሞ ቁመቱ ስንዝር ያህል እስኪደርስ ይታገሡት።

የወቅት ትንበያ ዕድልን እንጂ ቀንን አይናገርም፤ «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ» ማለት ቀሪው 55 በመቶ ለመደበኛውና ከመደበኛ በታች ለሆነው ነው። ስለዚህ በጥቅምት ለድርቆሽ ሲያጭዱ የሚያዩት የጥቂት ቀናቱን ትንበያ ይሁን፤ ታጭዶ ሳይደርቅ ዝናብ ያገኘው ሣር ይሻግታል፣ የመኖ ጥራቱም ይቀንሳል።