የአየር ሽጉጥ ጀማሪ ሆናችሁ ነጥባችሁ አልረጋ ካለ፦ ችግሩ ከየት ነው፣ መፍትሄውስ?

መጀመሪያ ስለየትኛው እንደማወራ እንግባባ። የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ነው፣ በአንድ እጅ ብቻ ተይዞ የሚተኮሰው፣ እርሳሷ (ጥይቷ ማለቴ ነው) 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነችው፣ ኦሎምፒክ ውስጥ በፈረንጆቹ 1988 ሴኡል ላይ የገባው። ኢላማው ላይ 10 የምትባለዋ ክብ ከዳር እስከዳር 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነች። ጥቁሩ በሙሉ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ያለው፣ 59.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይችን 59.5 ያዟት፣ ኋላ ትፈለጋለች።

እና እኛ ጎጃም ውስጥ ጀማሪውን የሚያስቸግረው ከእጁ በፊት ግቡ ነው ባይ ነኝ። ፉከራና ቀረርቶ እየሰማን ነው ያደግነው፣ አልሞ ተኳሽ ማለት አንድ ጥይት አንድ ግዳይ ነው፣ መሳት ደሞ ነውር ነው። ይሄን ይዞ የአየር ሽጉጥ የጨበጠ ሰው የመጀመሪያ ቀን ግቡን "10 መምታት" ያደርገዋል፣ ከዛ በሁለተኛው ሳምንት ሽጉጡ ጠማማ ነው ብሎ ይተወዋል። ሽጉጡ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም።

ችግር፦ አንዷ 10 ትገባለች፣ ቀጣይዋ 4፣ ከዛ 8፣ ከዛ ካርዱ (የኢላማው ወረቀት) ጠርዝ ላይ

ምክንያቱ፦ ያችን 10 የመታችኋት በእድል ነው፣ ይቅርታ ግን እውነቱ እሱ ነው። እርሳሶቹ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ እየተበተኑ ስለሆነ አንዷ መሀል ብታርፍ አይገርምም። ችግሩ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ሰውየው 10ሯን ካየ ያደረገውን ለመድገም ይጨናነቃል፣ 4ቷን ካየ ደሞ የማነጣጠሪያውን ብሎን ያዞራል፣ ቀጣይዋ በሌላ በኩል ስትወጣ መልሶ ያዞረዋል፣ እንዲህ እያለ ሽጉጡም እሱም የት እንዳሉ አይታወቅም።

መፍትሄው፦ ካርዱን ገልብጡትና ነጩን ጀርባ ተኩሱ። ቀልድ አይደለም፣ ባለሙያዎችም ያደርጉታል። ነጭ ወረቀት ላይ ቁጥር ስለሌለ አይናችሁ የሚያሳድደው ነገር የለም። 10 እርሳስ ተኩሱ፣ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች በማስመሪያ ለኩ፣ ደብተር ላይ ፃፉ። የመጀመሪያው ግባችሁ ይሄ ልኬት ነው፣ ነጥብ አይደለም። አስሩም በክፍት መዳፍ የሚሸፈኑ ከሆነ ጥሩ ጀምራችኋል። ቀዳዳዎቹ እየተሰበሰቡ ሲመጡ ካርዱን መልሳችሁ አዙሩትና ሁለተኛውን ግብ ያዙ፦ አስሩም ጥቁሩ ውስጥ። ልብ በሉ፣ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ተከታታይ ሶስት ካርድ ላይ። አስሩም ጥቁር ውስጥ ከሆኑ ከ70 በታች ልታመጡ አትችሉም። ከዛ በአማካይ 80፣ ከዛ 85፣ 90ን በኋላ እናወራለን። አማካይ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ሰው የሚያወራው አንዴ ያመጣትን ትልቋን ቁጥር ነው፣ ደብተር ግን ሁሉንም ይይዛል። በነገራችን ላይ ኮሪያዊው ጂን ጆንግ ኦ በፈረንጆቹ 2009 በ60 ተኩስ 594 አምጥቶ የአለም ሪከርድ ሲይዝ እሱም ከ600 ስድስት ነጥብ ጎድሎበታል።

ችግር፦ በጠመንጃ ደህና ነኝ፣ በሽጉጥ ግን ካርዱን ራሱ እስታለሁ

ይሄ የብዙ ጎልማሳ ሰው ችግር ነው፣ የሚያፍሩበትም እነሱ ናቸው። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ሁለት እጅ ይይዘዋል፣ ከተፈለገም ድንጋይ ላይ ተደግፎ ይተኮሳል። ሽጉጡ ግን በተዘረጋ አንድ ክንድ ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ ከፊትና ከኋላ ማነጣጠሪያው መሀል ያለው ርቀትም አጭር ነው። ስለዚ ጋሼ፣ ያ ሁሉ ልምድዎ አልጠፋም፣ ግን ግብዎን እንደማንኛውም ጀማሪ ከነጩ ካርድ ይጀምሩ፣ ከልጆቹ እኩል መሆን ምንም ነውር የለውም።

ችግር፦ ጥቁሩ ጥርት ብሎ እየታየኝ እርሳሶቹ ይበታተናሉ

አዎ፣ ጥቁሩ ጥርት ብሎ ስለታያችሁ ነው የሚበታተኑት። አይን በአንድ ጊዜ ሩቁንም ቅርቡንም አያጠራም፣ ጥቁሩን ካጠራ የፊት ማነጣጠሪያው ይደበዝዛል፣ ሲደበዝዝ ደሞ ከኋላው ስንጥቅ መሀል ወጣ ማለቱን አታዩትም። እንዴት እንደሚጎዳ በሂሳብ እንየው። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መሀል 30 ሴንቲ አካባቢ ርቀት አለ እንበል፣ ኢላማው ያለው 10 ሜትር ላይ ነው፣ ስለዚ የፊቱ ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ወደጎን ከወጣ ኢላማው ላይ 33 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ 10 የነበረችው 6 ሆነች ማለት ነው። በሌላ በኩል ማነጣጠሪያዎቹ እርስ በርስ ልክ ሆነው ክንዳችሁ እንዳለ 1 ሴንቲ ወደጎን ቢንሳፈፍ 1 ሴንቲ ብቻ ነው የምትስቱት፣ 9 ታገኛላችሁ። እጅ መንቀጥቀጡ እንደሚፈራው አይደለም እኮ፣ የሚጎዳው የማነጣጠሪያው መጣመም ነው።

ስለዚ አይናችሁን የፊቱ ማነጣጠሪያ ላይ ትከሉ፣ ጥቁሩ ደብዘዝ ይበል ተዉት። አነጣጥሩ ስትባሉም ጥቁሩ መሀል አይደለም፣ ከጥቁሩ ስር ትንሽ ነጭ ክፍተት ትታችሁ ነው፣ ጥቁር ማነጣጠሪያ ጥቁር ክብ ላይ አይለይም። አንድ አይን መጨፈን የሚደክማችሁ ከሆነ በማትጠቀሙበት አይን በኩል ወረቀት ከልሉ፣ ሁለቱም ክፍት ይሁኑ።

ችግር፦ ቀኝ እጅ ነኝ፣ ሁሉም ግራ ወደታች ይሄዳሉ

መጀመሪያ ደስ ይበላችሁ፣ አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ቃታውን መንጨቅ ነው፣ "አሁን!" ብላችሁ ስትስቡ ሌሎቹም ጣቶች አብረው ይጨብጣሉ፣ አፈሙዙም ዝቅ ይላል። ወይ ደሞ ማነጣጠሪያው ራሱ አልተስተካከለም። መለያው ቀላል ነው፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይታችሁ ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩና ቃታውን በባዶው ሳቡ (ባዶውን መሳብ የሚፈቅድ ሽጉጥ መሆኑን መመሪያው ላይ እዩ)። ቀጭ ሲል የፊቱ ማነጣጠሪያ ከተወዛወዘ ጥፋቱ የእጅ ነው። ካልተወዛወዘ የኋላውን ማነጣጠሪያ እርሳሱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ አንቀሳቅሱት፣ ቀኝ እንዲመታ ወደ ቀኝ፣ ከፍ እንዲል ወደ ላይ።

ለእጅ ጥፋት መድሀኒቱ ያው ግድግዳው ነው። እርሳስ እንደልብ በማይገኝበት አገር ይሄ ልምምድ ነፃ ነው፣ ድምፅም የለው፣ ጎረቤትም አይጮህ። የውድድር ሽጉጥ ቃታ ቢያንስ 500 ግራም መሸከም አለበት፣ ያንን ክብደት ቀስ እያላችሁ መጨመር ነው፣ መቼ እንደሚለቅ ራሳችሁን ቢያስገርማችሁ ጥሩ ነው።

ችግር፦ ስቆይ ስቆይ ይብሳል

10 ሰከንድ ካለፈ ክንድም አይንም አለቀ። አውርዱት፣ ተንፍሱ፣ እንደገና አንሱት። ያልተተኮሰ እርሳስ ነጥብ አይቀንስም።

ችግር፦ ቤት 85፣ ሌላ ቦታ 70

ይሄን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ኢላማውን ኮፒ ቤት ስታስወጡ ማሽኑ ገፁን ለማስገባት ብሎ ያሳንሰዋል ወይ ያስፋዋል። ያችን 59.5 አሁን አምጧት፣ ጥቁሩን በማስመሪያ ለኩት። ሌላው ርቀቱ ነው፣ በእርምጃ አስር ብሎ የሚለካ አለ፣ የማን እርምጃ? ሜትር ገዝታችሁ ከቆማችሁበት መስመር እስከ ካርዱ ፊት ለኩ፣ መሀሉ ከወለሉ 1 ሜትር ከ40 ላይ ይሁን። ተራ ሉክ ደሞ ስለሚቀደድ ቀዳዳው መስመር ነካ አልነካ አይለይም፣ ወፈር ያለ ካርቶን ይሁን። እግረ መንገዴን፣ ከኋላው እርሳስ የሚይዝ ነገር ይኑር፣ የግቢ አጥር መያዣ አይደለም፣ ከአጥሩ ወዲያ ልጅም ከብትም ያልፋል።

ችግር፦ ጠዋት ዝቅ ብሎ ይመታል፣ ቀን ይስተካከላል

ሽጉጡ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሰራ ከሆነ ብርዱ ነው። ጋዙ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ እርሳሱ ቀስ ይላል። ባህር ዳር ሙቀት ላይ ያስተካከላችሁትን እንጅባራ ወይ ደብረ ማርቆስ ጠዋት አንድ ሰአት ላይ ብትተኩሱት የተለየ ሽጉጥ ይመስላችኋል። ቶሎ ቶሎ መተኮስም ጋዙን ያቀዘቅዘዋል። ሽጉጡ ክፍሉን እስኪለምድ ጠብቁ፣ የጠዋቱን ነጥብና የቀኑን ለየብቻ መዝግቡ፣ ብሎኑን አትንኩ።

ችግር፦ እጄ ዛሬ ብቻ ይንቀጠቀጣል

ቡናው ስንተኛ ነበር? ጾም ከሆነ ደሞ ከመግደፊያ በፊት ባዶ ሆድ ላይ ነጥብ አትቁጠሩ፣ የግድግዳ ልምምድ ብቻ አድርጉ። እንዲህ ባለ ቀን የመጣ ቁጥር ግብ ውስጥ አይገባም።

ችግር፦ 80 አካባቢ ቆምኩ፣ ወር አለፈኝ

እዚህ ላይ የነጥብ ግብ ራሱ እንቅፋት ይሆናል፣ ምክንያቱም ነጥብ በቀጥታ የምታዙት ነገር አይደለም። ግቡን ቀይሩት። ከእያንዳንዷ ተኩስ በኋላ ካርዱን ሳታዩ እርሳሷ የት እንደሄደች ተናገሩ፣ "ቀኝ ትንሽ ከፍ" አይነት፣ ከዛ እዩ። ከአስሩ ስንቱን በትክክል ጠራችሁ? ያ ነው የዚህ ወር ቁጥራችሁ። መጥራት ከቻላችሁ ቃታው ሲለቅ ማነጣጠሪያውን እያያችሁ ነበር ማለት ነው፣ ካልቻላችሁ አይናችሁ ቀድሞ ወደ ካርዱ ሮጧል፣ ስለዚ ከተኮሳችሁ በኋላም አንድ ሁለት ሰከንድ ሽጉጡን ሳታወርዱ ማነጣጠሪያው ላይ ቆዩ። ከአስር ሰባቱን መጥራት ስትጀምሩ ወደ ነጥብ ተመለሱና ሶስት ካርድ በአማካይ አስሉ።