በድሮ የአየር ኃይል ፎቶ ላይ የቆመችውን መኪና እንዴት እንለያለን?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ አገር ከነበሩት የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈሮች ብዙ ፎቶ ተርፎልናል። እኔ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ከክንፉ ሥር ወደቆመችው መኪና ነው። የአውሮፕላኑ ዓይነት ከፎቶው ግርጌ ተጽፏል፤ የመኪናዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ነዳጁን ያመላለሰች፣ ቦምቡን የጎተተች እሷ ናት። ስሟ ሊጻፍላት ይገባል።

መጀመሪያ ጥሩ ቅጂ ያዙ። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የቆየ ፎቶ ቁጥሩና ፊደሉ ይደበዝዛል። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ካለ በኢንች 600 ነጥብ ስካን አድርጉት። ጀርባውንም አትርሱ፤ ቀንና ቦታ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ፎቶው አለመገልበጡን አረጋግጡ። ኔጋቲቩ በተሳሳተ ጎኑ ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆናል። ጽሑፍ ካለ ወዲያው ይታወቃል። ከሌለ ጂፗን ተመልከቱ። አካፋና መጥረቢያዋ የሚታሰሩት በግራ፣ በሾፌሩ በኩል ነው። ስኮርታ ጎማዋ ደግሞ ከኋላ ወደ ቀኝ ነው። ተቃራኒውን ካያችሁ ፎቶው ተገልብጧል ማለት ነው። ኮፈኗ ላይ ያለው ኮከብ እዚህ ላይ አይረዳችሁም፤ ከየትም ብታዩት ያው ነው።

ከዚያ ዘመኑን ከአውሮፕላኑ ውሰዱ። የአሜሪካኖቹ ኮከብ መሃሉ ላይ ቀይ ክብ የነበረው እስከ ሜይ 1942 እ.ኤ.አ. ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ግራና ቀኙ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን የተጨመረለት በ1943 አጋማሽ ነው። ቢ-17 ቦምብ ጣይ ያለ ቀለም፣ ብረቱ እያብለጨለጨ ከታየ ፎቶው የ1944 ወይም የ1945 ነው ብላችሁ ጀምሩ።

አሁን ወደ መኪናዋ እንምጣ። ጎማ ቁጠሩ። ሦስት አክስልና አሥር ጎማ ያላት የጭነት መኪና ከሆነች መጀመሪያ የምትጠረጠረው ባለ ሁለት ተኩል ቶኗ ጂኤምሲ ናት። ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ተሠርታለች። የቀደሙት ጋቢናቸው ዝግ ብረት ነው፤ የኋለኞቹ ጣሪያቸው ሸራ ነው። ስቱድቤከርም ትመስላታለች፤ እሷ ግን በብዛት የተላከችው ወደ ሶቪየት ኅብረት ነው።

ጂፕ ላይ ግን ትንሽ ቆዩ። ዊሊስና ፎርድ አንድ ዓይነት አድርገው ነው የሠሯት፤ ፊቷ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በሁለቱም ዘጠኝ ናቸው። ሰባት ከሆኑ ከጦርነቱ በኋላ የመጣች ናት፤ ፎቶው የጦርነት ጊዜ ነው የሚለውን ጽሑፍ ተጠራጠሩ። ከቀዳዳ ይልቅ የተበየዱ የብረት ዘንጎች ካሉ የመጀመሪያዎቹ ዊሊሶች አንዷ ናት። ዊሊስና ፎርድን ለመለየት ዝቅ ብላችሁ ከፍርግርጉ ሥር ሻንሲውን የሚያያይዘውን ብረት እዩ። ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ፣ ማዕዘን ያለው ከሆነ ፎርድ። አጉልታችሁ ፈልጉት፤ ያቺ አንዲት ብረት ናት የምትፈርደው።

የአየር ሜዳ ልዩ መኪኖችም አሉ። በሰንሰለት የሚሄድ ዝቅ ያለ ትራክተር ቦምብ ጣይ ሲጎትት ካያችሁ ክሌትራክ ኤም2 መሆኑን አስቡ። ከኋላዋ ክሬን ያላትና የቦምብ ተሳቢ የምትጎትተው አጭር መኪና ሼቭሮሌት ኤም6 ናት። መሪዋ በቀኝ ከሆነ፣ ፎቶውም ካልተገለበጠ፣ የእንግሊዝ መኪና ልትሆን ትችላለች፤ አሜሪካኖቹ በእነዚህም ይሠሩ ነበር።

ኮፈኑ ጎን ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ሀብት ነው። በ20 የሚጀምረው በአብዛኛው ጂፕና መሰሎቿ ነው፣ በ4 የሚጀምረው የሁለት ተኩል ቶን መደብ፣ በ7 የሚጀምረው አምቡላንስ። ግን በመጀመሪያ ጊዜ በደብዛዛ ሰማያዊ ይጻፍ ስለነበር ፎቶ ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። ንፅፅሩን ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ። ፓራውልቱ ላይ ያለው የክፍሉ ምልክት ተፍቆ ካገኛችሁትም የፎቶው ብልሽት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የጦርነቱ ሳንሱር ያጠፋው ነበር።

የሌላ አገር መኪና ከሆነ ታርጋው ይናገራል። የጀርመን አየር ኃይል ታርጋ በደብሊው ኤል ይጀምራል፤ የምድር ጦሩ በደብሊው ኤች። የጣሊያን አየር ኃይል አር ኤ ነው፣ ምድር ጦሩ አር ኢ። ይህችን ያዙልኝ፤ የጣሊያን ወረራ ጊዜ አገራችን ውስጥ የተነሱ ፎቶዎች ቤታችሁ ካሉ ትጠቅማችኋለች። የጣሊያኖቹ ትልልቅ የጭነት መኪኖች መሪያቸው በቀኝ እንደነበርም አስታውሱ፤ በዚያ ብቻ ፎቶው ተገልብጧል እንዳትሉ።

ቀለም አትገምቱ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀይና ቢጫ እንደ ፊልሙ ዓይነት ጥቁር ሊመስሉ ይችላሉ። መጠን ግን መለካት ይቻላል፦ ጂፕ ርዝመቷ 3.33 ሜትር ነው፤ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ያለውን ሌላ መኪና በእሷ ለኩት።

በመጨረሻ ያገኛችሁትን ከነምክንያቱ ጻፉ፦ «ጂፕ፣ ፎርድ፤ የፊቱ ብረት ማዕዘን አለው»። ብረቱን ካላያችሁት «ጂፕ» ብላችሁ ብቻ አቁሙ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ከሆነ የምትጽፉት በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ይሁን፤ ስክሪብቶ ተጭኖ የጻፈው በፎቶው ፊት በኩል አብጦ ይታያል።